ቁልቁለት ለምን ያሠቃያል? የአከርካሪ ቦይ ሲጠብና ነርቭ ሲጨናነቅ ደረጃ በደረጃ ምን እናድርግ

አክስቴ የምትኖረው ሽሮ ሜዳ ነው። አንድ ቀን ቡና ላይ «ዳገቱን ስወጣ ደህና ነኝ፤ ወደ ስድስት ኪሎ ስወርድ ነው እግሬ እሳት የሚሆነው» አለችን። ሳቅንባት። ዳገት ነው እንጂ ቁልቁለት ማንን ያደክማል? ሁለት ዓመት ሙሉ «ብርድ መትቷት ነው»፣ «ሪህ ነው» እየተባለ ዲክሎፌናክ ስትወጋ ከረመች። በመጨረሻ አንድ ሐኪም ይችኑ ወሬ ሰማና ቀና ብሎ አያት።

«ሲቀመጡስ?»
«ስቀመጥማ ወዲያው ይተወኛል።»
«ጎንበስ ሲሉስ?»
«እሱም ይሻለኛል። ቅዳሴ እንኳ መቋሚያዬን ተደግፌ ነው የምቆመው።»

ገና ፊልም ሳትነሳ የምርመራው ግማሽ እዚያው አለቀ።

በሽታው በሕክምና ስሙ ስፓይናል ስቴኖሲስ ይባላል። የአከርካሪ ቦይ መጥበብ ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ ከ50 ዓመት በኋላ ይመጣል። እኔ ሐኪም አይደለሁም። አክስቴን ይዤ ስመላለስ፣ ስጠይቅና ሳነብ የገባኝ ግን አንድ ነገር አለ። ይህን በሽታ ከማሽኑ በፊት የሚናገረው የታማሚው አረማመድ ነው። ስለዚህ መመሪያው የሚጀምረው ከሆስፒታል ሳይሆን ከራስዎ እግር ነው።

ደረጃ 1፦ ውስጡ ምን እንደሚሆን ይረዱ

የሚንቀሳቀሱት የአከርካሪ አጥንቶች 24 ናቸው። 7ቱ አንገት፣ 12ቱ ጀርባ፣ 5ቱ ወገብ ላይ ይገኛሉ። እያንዳንዱ አጥንት ከኋላው ቀዳዳ አለው። ሲደራረቡ ቀዳዳዎቹ ገጥመው ረጅም ቦይ ይሠራሉ። ህብለ ሰረሰር ከአንጎል ተነስቶ በዚህ ቦይ ይወርዳል። ግን እስከ ታች አይደርስም። የወገብ አንደኛውና ሁለተኛው አጥንት አካባቢ ያበቃል። ከዚያ በታች የሚወርዱት ነርቮች ብቻ ናቸው፤ ተዘርዝረው ሲታዩ የፈረስ ጭራ ይመስላሉ። ሐኪሞቹም በላቲን ያንኑ ነው የሚሏቸው፦ ኮዳ ኢኩዊና፣ የፈረስ ጭራ።

እንግዲህ መንደር ውስጥ ያለ ጠባብ መንገድ ያስቡ። የግራው ጎረቤት አጥሩን አንድ ክንድ ወደ መንገዱ ያስገባል። የቀኙም እንደዚያው። ከፊት ያለው ደግሞ ደረጃ ይሠራል። ማንም መንገዱን አልዘጋም፤ ግን አንድ ቀን መኪና አላልፍ ይላል። አከርካሪ ላይም እንዲሁ ነው። ከፊት፣ በአጥንቶቹ መሀል እንደ ትራስ ያለው ዲስክ በዕድሜ ውኃው ይቀንስና ጠፍጠፍ ብሎ ወደ ቦዩ ይገፋል። ከኋላ ያለው ቢጫ ጅማት ይወፍራል። ከጎንና ከጎን ያሉት ትንንሽ መገጣጠሚያዎች ያብጣሉ፣ አጥንት ያበቅላሉ። አንዳንዴ አንዱ አጥንት በሌላው ላይ ወደ ፊት ይንሸራተታል። ሲፈጠር ጀምሮ ቦዩ ጠባብ የሆነ ሰውም አለ፤ እሱ ችግሩ ቀድሞ ይጀምረዋል።

የጎልማሳ ሰው የወገብ ቦይ ከፊት ወደ ኋላ ሲለካ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 25 ሚሊሜትር ይሆናል። ከ12 በታች ሲወርድ ጠበበ ይባላል፤ ከ10 በታች ደግሞ በጣም ጠቧል ማለት ነው። በብዛት የሚጠበው በ4ኛውና በ5ኛው የወገብ አጥንት መሀል ነው።

አሁን የአክስቴ ቁልቁለት ይገባናል። ቀጥ ብለን ስንቆም ወይም ወደ ኋላ ስንለጠጥ ያ የወፈረ ጅማት ተጣጥፎ ወደ ቦዩ ይገባል፤ ቦዩ ይበልጥ ይጠባል። ጎንበስ ስንል ጅማቱ ይወጠራል፣ ቦዩ ይከፈታል። ቁልቁለት ስንወርድ ሰውነታችን እንዳይወድቅ ወደ ኋላ ይላል። ዳገት ስንወጣ ወደ ፊት እናጋድላለን። በቃ፣ ምስጢሩ ይኸው ነው። መቋሚያ መደገፍም ያሳርፋል። ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችን ደግሞ ሱፐርማርኬት ውስጥ ጋሪውን ተደግፈው እንደ ልባቸው ሲዞሩ ውለው፣ ጋሪውን ትተው ወደ መኪናቸው ሲሄዱ ይያዛሉ። ሐኪሞች ይህን የጋሪ ነገር እንደ ምልክት ይጠይቃሉ። የቦዩን መጥበብና ይህን አረማመድ አያይዞ በደንብ የጻፈው ሄንክ ቨርቢስት የተባለ የኔዘርላንድ የነርቭ ቀዶ ሐኪም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1954።

ደረጃ 2፦ ለአንድ ሳምንት የእግር ጉዞ ማስታወሻ ይያዙ

አንድ ደብተር ይበቃል። ስልክ ላይም ይሆናል። በሄዱ ቁጥር አራት ነገር ይጻፉ፦ ስንት ደቂቃ ሄደው ሕመሙ ጀመረ፣ የት ቦታ ጀመረ፣ ምን ሲያደርጉ ተወዎት፣ ለመተው ስንት ደቂቃ ፈጀ። ደቂቃ መቁጠር ከሰለቸዎ በቦታ ይጻፉ። «ከቤት እስከ ዳቦ ቤቱ» ከ«ትንሽ ስሄድ ያመኛል» በብዙ እጥፍ ይሻላል።

ከዚያ ይህችን ሙከራ ያድርጉ። ሕመሙ ሲጀምር መጀመሪያ ሳይቀመጡ፣ ቀጥ ብለው ይቁሙ። ሁለት ሦስት ደቂቃ ይጠብቁ። ቆመው ብቻ ከተወዎት አንድ ነገር ነው። ካልተወዎትና ሲቀመጡ ወይም ጎንበስ ሲሉ ከተወዎት ሌላ ነገር ነው።

ልዩነቱ ትልቅ ነው። የእግር የደም ስር ሲጠብም ሰው ሲሄድ ባቱን ይይዘዋል። ግን ያ ሰው ቆም ካለ ይበቃዋል፤ ጡንቻው ስላረፈ የሚደርሰው ደም ይበቃዋል። ዳገት ይብስበታል። እግሩ ይቀዘቅዛል፣ እግር ላይ የሚዳሰሰው ትርታ ይደክማል። የሚያጨስና ስኳር ያለበት ሰው ለዚህ ቅርብ ነው። በነርቭ መጨናነቅ ግን ቆሞ ማረፍ አይበቃም፤ ወገብ መታጠፍ አለበት። ብስክሌትም ይለያቸዋል። ጎንበስ ብሎ ፔዳል መምታት ቦዩ የጠበበውን ሰው አያስቸግረውም፤ የደም ስሩ የጠበበውን ያስቆመዋል። ዕድሜው የገፋ ሰው ሁለቱም ሊኖሩበት ይችላሉ። ስለዚህ ሐኪሙ እግርዎ ላይ ትርታ ካልዳሰሰ እርስዎ ይጠይቁት።

ስኳር ያደከመው ነርቭም አለ። እሱ ከጉዞ ጋር ብዙም አይገናኝም። ሁለቱንም ውስጥ እግር ይለበልባል፣ ሌሊት ይብሳል። የቫይታሚን ቢ 12 እጥረትም እግር ያደነዝዛል። የዳሌ መገጣጠሚያ ከሆነ ደግሞ ብሽሽት ላይ ያማል፤ ካልሲ ማጥለቅ ያስቸግራል።

ደረጃ 3፦ የሕመሙን ካርታ ይሳሉ

ወረቀት ላይ ሁለት እግር ይሳሉ፤ ቆንጆ መሆን የለበትም። የሚደነዝዘውን ቦታ ያጥቁሩ፣ የሚያመውን በመስመር ያመልክቱ። እያንዳንዱ ነርቭ የራሱ ሰፈር አለው። የወገብ 4ኛው ነርቭ ወደ ቅልጥም የውስጥ ጎን ይሄዳል፤ ጉልበት ለመዘርጋትም ይረዳል። 5ኛው የእግር ጀርባና አውራ ጣት ላይ ይደርሳል። እሱ ሲደክም አውራ ጣት ወደ ላይ አልነሳ ይላል፣ ጫማ መሬት ይጎትታል። ከዚያ በታች፣ ከወገብ ሥር ካለው ሳክረም ከሚባለው አጥንት የሚወጣው የመጀመሪያው ነርቭ ተረከዝና ትንሿ ጣት ጋ ይወርዳል፤ በጣት ቆሞ መሄድ የእሱ ሥራ ነው።

ግድግዳ ይዘው በተረከዝዎ አምስት እርምጃ፣ በእግር ጣትዎ አምስት እርምጃ ይሂዱ። አንደኛው እግር ከሌላው ከሰነፈ ይጻፉት። ቦይ ሲጠብ ግን ብዙ ነርቭ አንድ ላይ ስለሚጨናነቅ ካርታው ሁልጊዜ ጥርት ብሎ አይወጣም። ሁለቱም እግር ከመቀመጫ እስከ ባት ከከበደዎት ያም ራሱ መልስ ነው።

«ዲስክ ተንሸራተተ» ከሚባለው ጋር እንዳይምታታብዎ። እሱ በአብዛኛው በወጣትና በጎልማሳ ላይ ድንገት ይመጣል። አንድ እግር ይይዛል፤ ሲቀመጡ፣ ጎንበስ ሲሉ፣ ሲያስሉ ይብሳል። የቦይ መጥበብ ደግሞ ሲቀመጡ ይለቃል። ስለዚህ ለአንዱ የተሰጠ ስፖርት ለሌላው ላይሆን ይችላል። ጎረቤትዎን ያዳነው እንቅስቃሴ እርስዎን ቢያብስዎ አይደነቁ።

ደረጃ 4፦ የማይጠበቅበትን ጊዜ ይወቁ

እስካሁን ያወራነው ቀስ ብሎ ስለሚሄድ ነገር ነው። የሚከተሉት ግን ቀጠሮ አይጠብቁም።

ሽንት አልመጣ ካለ ወይም ሳያውቁት ካመለጠዎ፣ ሰገራ መቆጣጠር ካቃተዎ፣ ኮርቻ ላይ ሲቀመጡ የሚነካው ቦታ፣ ማለትም ብልትና ፊንጢጣ ዙሪያ፣ ከደነዘዘ፣ ሁለቱም እግር በድንገት ከከዳ፦ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። የፈረስ ጭራው በሙሉ ታፍኗል ማለት ሊሆን ይችላል። በቶሎ ቀዶ ሕክምና ካልተደረገ ጉዳቱ ቋሚ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ስለ ሽንት ማውራት ያሳፍራል ብሎ የሚያድር ሰው አለ። ይህ የሚታፈርበት ጊዜ አይደለም።

ሁለተኛው አንገት ነው። ቦዩ አንገት ላይ ሲጠብ የሚጨናነቀው ራሱ ህብለ ሰረሰር ነው። ብዙ ጊዜ አያምም፤ ክፋቱም እዚያ ላይ ነው። ቁልፍ መቆለፍ ያስቸግራል። ብርጭቆ ከእጅ ያመልጣል። ፊርማ ይለወጣል። ሲሄዱ እንደ ሰካራም ያንገዳግዳል፣ በተለይ ጨለማ ውስጥ። አንገት ሲያጎነብሱ ኤሌክትሪክ የመሰለ ነገር በጀርባ ይወርዳል። እነዚህ ካሉ የነርቭ ቀዶ ሐኪም ወይም የአከርካሪ ስፔሻሊስት ጋ ሳይውሉ ሳያድሩ ይሂዱ። ወጌሻም ሆነ ማንም አንገትዎን እንዳያጠማዝዝ። ለወለምታ ብዙ ሰው ወጌሻን ያመሰግናል፤ የታፈነ ህብለ ሰረሰር ግን ወለምታ አይደለም።

ሦስተኛው፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ተኝተውም የማይተው የጀርባ ሕመም ነው። እኛ አገር ቲቢ ሳል ሳይኖር አከርካሪ ላይ ይወጣል፤ አጥንት በልቶ ነርቭ ይጫናል። መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል። ብሩሴሎሲስም አለ፤ ያልፈላ ወተት ከመጠጣት ይመጣል። ካንሰር የነበረበት ሰው አዲስ የጀርባ ሕመም ሲጀምረው ወዲያው ይናገር።

ደረጃ 5፦ ሐኪም ጋ ሲሄዱ

ደብተሩንና ስዕሉን ይዘው ይሂዱ። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ ከፋርማሲ በራስዎ የገዙትንም ጭምር፣ በከረጢት ይያዙ። «ወገቤን ያመኛል» ብለው አይጀምሩ። «አምስት ደቂቃ ስሄድ ሁለቱም ባቴ ይደነዝዛል፣ ስቀመጥ በሁለት ደቂቃ ይተወኛል» ይበሉ። ሐኪሙ ሲራመዱ ማየት፣ የእግርዎን ጉልበት መፈተን፣ በትንሿ መዶሻ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት መታ መታ ማድረግ ይኖርበታል። ጫማ ሳያስወልቅ ወደ ኤምአርአይ የሚልክ ሐኪም እኔን አያሳምነኝም።

ራጅ አጥንቱን ያሳያል፤ መንሸራተት ካለም ይታያል፤ ነርቭ ግን አያሳይም። ቦዩንና ነርቮቹን አጥርቶ የሚያሳየው ኤምአርአይ ነው። ልብ ላይ ባትሪ የተገጠመለት ሰው ኤምአርአይ ካልተፈቀደለት በሲቲ ስካን ይታያል።

ውጤቱ በእንግሊዝኛ ይመጣል፤ ያስደነግጣልም። «ዲስክ በልጅ» ማለት ዲስኩ ወጣ ብሏል ማለት ነው። «ሊጋመንተም ፍላቨም» ያ ቢጫ ጅማት ነው። «ሴንትራል» ዋናው ቦይ ሲሆን «ፎራሚናል» ደግሞ ነርቭ በጎን የሚወጣበት በር ነው። «ማይልድ» ቀላል፣ «ሞዴሬት» መካከለኛ፣ «ሲቪር» ከባድ። ወረቀቱን አንብበው ከመሸበርዎ በፊት ግን ይህን ይስሙ። እ.ኤ.አ. በ1990 አሜሪካ ውስጥ በወጣ ጥናት ወገባቸውን አሟቸው የማያውቁ 67 ሰዎች ኤምአርአይ ተነሱ። ከ60 ዓመት በላይ ከነበሩት 21 በመቶው ቦያቸው ጠቦ ተገኘ። 36 በመቶው ያ «ዲስክ ተንሸራተተ» የሚባለው ነበረባቸው። ምንም አላመማቸውም! ፊልሙና የእግር ጉዞ ደብተርዎ አንድ ዓይነት ነገር ካልተናገሩ ደብተሩን ይመኑ፣ ሐኪሙንም ስለ ልዩነቱ ይጠይቁት።

ደረጃ 6፦ የመጀመሪያዎቹን ወራት በእንቅስቃሴ ይሞክሩ

የአደጋ ምልክት ከሌለ አይቸኩሉ። በብዙ ሰው ላይ ይህ በሽታ ለዓመታት እንዳለ ይቆያል፤ አንዳንዱ ሰው ላይም ይቀላል። አልጋ ላይ መተኛት ግን መፍትሔ አይደለም። ጡንቻ ይከሳል፣ ጉዞው ይበልጥ ያጥራል።

ጠዋት ፍራሽ ላይ በጀርባዎ ይተኙ። አንድ ጉልበት በሁለት እጅ ይዘው ወደ ደረትዎ ይሳቡ፤ 20 ሰከንድ ያህል ይቆዩ፣ ይልቀቁ፣ በሌላኛው ይድገሙ። ቀጥሎ ሁለቱንም አንድ ላይ። አምስት አምስት ጊዜ ይበቃል። ከዚያ ጉልበትዎን አጥፈው፣ ሆድዎን ወደ ውስጥ አስገብተው ወገብዎን ከፍራሹ ጋር ያጣብቁ፤ አምስት ሰከንድ፣ አሥር ጊዜ። ቀን ላይ ወንበር ላይ ተቀምጠው እጅዎን ቀስ ብለው ወደ መሬት ይስደዱ። የአጥንት መሳሳት ካለብዎ ግን ይህን የመጨረሻውን ሳይጠይቁ አያድርጉ። በሆድ ተኝቶ ደረትን ወደ ላይ መቀልበስ እግርዎን ካደነዘዘው ይተዉት።

አካሄዱም ስልት አለው። ሕመሙ አምስት ደቂቃ ላይ የሚጀምር ከሆነ አራት ላይ ይቀመጡ። ይረፉ፣ እንደገና አራት ይሂዱ። እስኪያምዎ መታገል አያስፈልግም። የማይንቀሳቀስ ብስክሌት ካገኙ እሰየው። ዱላ ወይም ምርኩዝ አያሳፍርም። ፊዚዮቴራፒስት ሲሄዱ «ጎንበስ የሚያስብል ስፖርት ይስጡኝ» ብለው ይንገሩ።

መድኃኒት ላይ አጭር ልሁን። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ለጥቂት ቀን ይረዳሉ። ለወራት ሲወሰዱ ጨጓራ ያደማሉ፣ ኩላሊት ይጎዳሉ፣ ግፊት ይጨምራሉ። የአክስቴ ጨጓራ ምስክር ነው። ወገብ ላይ የሚሰጥ የስቴሮይድ መርፌ ለአንዳንዱ ጊዜያዊ ፋታ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣ የ400 ታማሚዎች ጥናት ግን ያለ ስቴሮይድ ማደንዘዣ ብቻ ከተወጉ ሰዎች ብዙም የተሻለ ሆኖ አልተገኘም። ስቴሮይዱ ስኳርም ከፍ ያደርጋል። ብዙ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ይህን ያስቡ።

ደረጃ 7፦ ቀዶ ሕክምና ሲነሳ

እግር እየደከመ ከሄደ፣ ወይም ወራት ሞክረው መንገድ መሻገር እንኳ ካቃተዎ ቀዶ ሕክምና ይነሳል። ዋናው ሥራ ነርቩን የሚጫነውን አጥንትና ጅማት አንስቶ ቦታ መስጠት ነው፤ ላሚኔክቶሚ ይሉታል። ምን እንደሚያድን አስቀድሞ ማወቅ ጥሩ ነው። የእግር ሕመምና የጉዞ ርቀት ላይ በብዛት ይሠራል። የወገብ ሕመሙ ግን ላይለቅ ይችላል። ለዓመታት የደነዘዘ ቦታም ላይመለስ ይችላል።

ፊዚዮቴራፒ ወይስ ቀዶ? እ.ኤ.አ. በ2015 በ169 ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት ከሁለት ዓመት በኋላ ሁለቱ ቡድኖች ተመሳሳይ ላይ መድረሳቸውን አሳየ። ነገር ግን ፊዚዮቴራፒ ከተመደበላቸው ከግማሽ በላይ የሚሆኑት መሀል ላይ ቀዶ ሕክምናውን መርጠዋል። ሁለቱንም ቁጥር ይዘው ይወስኑ።

ሐኪሙን አንድ ጥያቄ በግድ ይጠይቁት፦ «ብሎን ለምን አስፈለገኝ?» አጥንቶችን በብሎን ማሰር ዋጋው ይበዛል፣ ቀዶውም ይረዝማል። አጥንቱ የሚንቀሳቀስ፣ የማይረጋ ከሆነ ምክንያት አለው። እ.ኤ.አ. በ2016 በስዊድን በ247 ታማሚዎች ላይ የወጣ ጥናት ግን ብሎን መጨመሩ ቦዩን ብቻ ከመክፈት የተሻለ ውጤት እንደማያመጣ አሳይቷል። መልሱ ካልተዋጠልዎ ሌላ ሐኪም ቢያዩ ማንም አይቀየምም። ቢቀየምም ወገቡ የእርስዎ ነው።

አክስቴ እስካሁን ቀዶ አላደረገችም። ደብተሯ ግን ሦስተኛው ላይ ደርሷል። ስትጀምር አራት ደቂቃ ነበር፤ አሁን ከሽሮ ሜዳ እስከ ስድስት ኪሎ በሁለት እረፍት ትወርዳለች። አንዱ እረፍቷ የሊስትሮው ልጅ ወንበር ነው። ከሩቅ ሲያያት በጨርቁ ጠረግ ያደርግላታል፤ የሸራ ጫማ ስለምታደርግ የሚጠርገው ጫማ እንኳ የላትም። ሲመሽ «መመለሻውን ታክሲ እንያዝልሽ» ስንላት ግን እምቢ ነው።

«ተዉኝ እባካችሁ፣ ዳገቱማ የኔ ነው።»